ጤፍ የምታህል አቧራ

ባለፈው ቅዳሜ አየር ጤና ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ፣ ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ! አንድ ሰው!» እያለ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲዋሸን፣ ከጋራዦቹ በኩል የቀለም ማቅጠኛው የቲነር ሽታ መጣ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «ኧረ መስኮቱን ዝጊው፣ ልጄ!» አሉኝ። እኔ ደግሞ ጭራሽ የቀረውንም ከፈትኩት። ተቆጡ። ይቆጡ፣ ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ ልጅነቱ ጥሩ ጥሩ ነገር ነው የሚሸተው፤ የኔ ቲነር ቲነር ይላል።

ዓይኔን ጨፈን አደረግኩ። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው፤ እኔ ግን ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። አንድ አምፖል ታየኝ፤ ከአምፖሉ ስር ደግሞ ክንድ የማትሞላ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ። ታክሲው መቼ ሞልቶ መቼ እንደተነሳ አላውቅም። ዓለም ባንክ ደርሰን ሴትዮዋ «ውረጂ እንጂ፣ እንቅልፋም!» ሲሉኝ ነው የነቃሁት።

ያኔ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። የምንኖረው ኮልፌ፣ ከገበያው ጀርባ ነው። እናቴ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ አባቴ የጅማ መስመር ሾፌር ስለሆነ በወር አንዴ ብቅ ካለ ትልቅ ነገር ነው። ሌላው የቤቱ ሰው የእናቴ አባት ነበሩ፤ አባባ ነው የምላቸው። አርባ ዓመት ሙሉ መኪና ቀብተዋል። ገና ሳይነጋ አየር ጤና ወዳለው ጋራዥ ይወጣሉ፤ እኔ ራቴን በልቼ ዓይኔ ሲከደን ይመለሳሉ። ስለዚህ አያቴን የማውቃቸው በጠረናቸው ነበር ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ቲነሩ ይገባል፣ ቀጥሎ ሳላቸው፣ በመጨረሻ እሳቸው።

እናቴ ከቲነር ጋር የለየለት ጠብ ነበራት። «ሳንባዎን በልቶ ጨረሰው እኮ፣ አባዬ!» ትላቸዋለች። እኔ የሰማሁትን ሁሉ እንዳለ ስለማምን፣ ቲነር ማለት ጥቃቅን ጥርስ ያለው፣ ጣሳ ውስጥ የሚኖር አውሬ ይመስለኝ ነበር። ከመተኛቴ በፊት ተደብቄ እሄድና የጣሳውን ክዳን አጥብቄ እዘጋዋለሁ። ከዚያ የአያቴን ሳንባ ያተረፍኩ መስሎኝ ኮራ ብዬ እተኛለሁ።

ሰኔ ሊያልቅ አካባቢ አንድ ቀን አባባ በቀትር ቤት መጡ። በቀትር! ሰው የሞተ ነው የመሰለኝ። እናቴም ወሬው ደርሷት ሱቋን ዘግታ እየሮጠች መጣች።

«ምን ተፈጠረ፣ አባዬ?»

«የአንድ ደንበኛ በር አለቀሰብኝ» አሉ፣ ጫማቸውን እያወለቁ።

ቀለም በዝቶ ተንዠርግጎ ሲወርድ «አለቀሰ» ነው የሚሉት። እኔ ግን ያ በር ምን ሆኖ ይሆን ብዬ አዘንኩለት።

«ልጁ ምን አለ ታዲያ?»

«ክረምቱን ይረፉ አለኝ።»

ልጁ የሚሉት የጋራዡን ባለቤት ነው። በልጅነቱ አባባ እጅ ላይ ሥራ ተምሮ፣ በኋላ ጋራዡን ገዝቶ አለቃቸው ሆነ፤ ለሳቸው ግን ያው ልጁ ነው። እኔም በዕድሜ እኩያዬ እየመሰለኝ፣ የኔ ቢጤ ልጅ እንዴት አያቴን ያዛል ብዬ ስንት ቀን ቂም ይዤበታለሁ።

ልጁ ሌላም ነገር ተናግሯል። አባባ ሥራ ሲያጡ ወይም ሲደብራቸው ከእንጨት ትንንሽ ሚኒባስ ጠርበው እንደ እውነተኛው የመቀባት አመል ነበራቸው። አንዷ እስካሁን የልጁ ጠረጴዛ ላይ ነች፤ ደንበኛ ሲመጣ «ቀለማችን ይህን ይመስላል» ብሎ ያሳይባታል። «እንደዚች አንድ ቀብተው ያሳዩኝ» አላቸው። «ፊቴን ካየሁባት ከመስቀል ማግስት ወደ ሥራዎ ይመለሳሉ።»

«ካላየባትስ?» አለች እናቴ።

እሷው መለሰችው። «ካላየባት ያ ቀለም የሚነፉበት ኮምፕሬሰር ይሸጣል፣ እርስዎም ያርፋሉ። አለቀ።»

እንዲህ ሆኖ ነው ያን ክረምት አያት ያገኘሁት። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እናቴ ገበያ ነች። አባባና እኔ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሁለታችን ብቻ ነን። ያቺ ክፍል አንድ አምፖል፣ አንድ ዱካና አንድ የሚያጓራ አሮጌ ኮምፕሬሰር አላት። መስኮቷ ትንሽ ነው፤ ዝናቡ ሲወፍር ቀኑ የመሸ ይመስላል፣ ሲሳሳ ደግሞ እንደገና የነጋ። እኔ በአንድ ቀን ውስጥ አራትና አምስት ቀን የምንኖር ይመስለኝ ነበር።

ሚኒባሷ ከዋንዛ የተጠረበች ናት፤ ዓምና ጀምረው ትተዋት ነበር። የእንጨቱን ቀዳዳ በስቱኮ ደፈንን። ስቱኮው ሲደርቅ ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየነከርን ፈገፈግናት። ፈገፈግን ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ! ጣቴ ተጨማዶ የአሮጊት ጣት እስኪመስል ነው። ትንሽ ለስለስ ስትልልኝ «በቃ ትቀባ» እላለሁ።

«ገና ነች» ይላሉ አባባ።

«ኧረ አባባ፣ ለስልሳለች!»

«ቀለም ጉድ አይሸፍንም፣ ያወጣል እንጂ። አሁን የናቅሻት ጭረት ነገ እንደ ገደል ነው የምትታየው።»

መጀመሪያ ግራጫውን የስር ቀለም ነፉባት። ከዚያ እንደገና ፍግፈጋ። አፋችንን በሻርፕ እናስራለን፤ አቧራ እንዳይነሳ ወለሉ ላይ ውሃ እንረጫለን። መርጫውን አንድ ስንዝር ያህል አርቀው ይይዙና ከሚኒባሷ ውጭ ጀምረው፣ አልፈዋት ሄደው፣ ውጭ ይጨርሳሉ። «እጅ ከቆመ ያለቅሳል፣ ከሮጠ ይሻክራል» ይሉኛል። እጃቸው ሲሄድ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ እኔም አብሬ እይዛለሁ። አንዳንዴ እሳቸው ሳይጨርሱ እኔ ልሞት እደርሳለሁ።

የዓይናቸውን ነገር ያወቅኩት በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ጣሳ ከፍተው በእንጨት እያማሰሉ «ነጩ ጥሩ ውፍረት አለው» አሉ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ግራጫው ነው።»

ማማሰላቸውን አቆሙ። ከዚያ «ልፈትንሽ ብዬ ነው» አሉ። አመንኳቸው፤ እንዲያውም ፈተናውን በማለፌ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይተው ግን ጨርቅ አንስተው ሚኒባሷን ትተው ዱካውን ይጠርጉ ጀመር። ቆሜ አየኋቸው። እያየኋቸው መሆኔ ገባቸው መሰለኝ፣ ጨርቁን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ሚሚዬ፣ ጉም ሆነብኝ።»

ወደ ውጭ አየሁ። እውነትም ግቢው በጉም ተሞልቷል፤ የጎረቤቱ ባሕር ዛፍ ጫፉ እንጂ ግንዱ አይታይም። «እኔም ጉም ነው የሚታየኝ» አልኳቸው። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። እኔ ቀልድ መናገሬን አላወቅኩም። ጉሙ ከውጭ ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ የቀረ መሰለኝ፤ መስከረም ሲጠባ የእንጦጦው ጉም ሲገፈፍ የሳቸውም አብሮ እንደሚገፈፍ እርግጠኛ ነበርኩ።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

«ለምን?»

«ካወቀች ኮምፕሬሰሩን ነገውኑ ነው የምትሸጠው። እኔ እጅ እሆናለሁ፣ አንቺ ዓይን ሁኚኝ። ጤፍ የምታህል አቧራ ብታዪ ትነግሪኛለሽ። እሺ?»

«እሺ» አልኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ምንም ሆኜ አላውቅም።

ሥራዬ አምፖሉን ማየት ነበር። ቀለሙ ሲደርቅ የአምፖሉ ብርሃን ሚኒባሷ ጣራ ላይ ያርፋል። «ክብ ነው?» ይሉኛል። «ክብ አይደለም፣ ዳር ዳሩን ጥርስ ጥርስ አለው» እላለሁ። «እንግዲያው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል፤ ፈግፍጊው።» እፈገፍጋለሁ። እሳቸው ደግሞ ስስ ፌስታል እጃቸው ላይ እንደ ጓንት ያጠልቁና ጣራዋን ቀስ ብለው ያሻሿታል። በባዶ እጅ ያልተሰማ በፌስታል ይሰማል። እኔ ሞከርኩት፤ እውነትም ምንም የሌለ የመሰለኝ ቦታ ላይ ጠጠር የረገጥኩ ያህል ተሰማኝ። ወይ ጉድ አልኩ። በዚያ ሰሞን የቤቱን ዕቃ ሁሉ በፌስታል እየዳሰስኩ እናቴን አስመርሬያታለሁ።

ነጩን ከላይ ቀባን። ነጩ ሲደርቅ በጋዜጣና በፕላስተር ሸፍነን ሰማያዊውን ከታች ነፋን። ውጭ ዶፍ ነበር። አባባ መርጫውን ሳያስቀምጡ ሰማያዊው ዓይኔ እያየ ነጣ። ወተት የፈሰሰበት መሰለ።

«አባባ! ጉም ወረደባት!»

ጠጋ ብለው አሸተቷት። «እርጥበት ጠጥታ ነው» አሉ። የሁለት ሳምንት ሥራ ነው የተበላሸው። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን አንስተው ውሃ ነከሩ። «ነይ፣ እንደገና።»

ከዚያ በኋላ ክፍሏን ማሞቅ ጀመርን። ከሰል ምድጃ ላይ ይቀጣጠላል፣ ክፍሏ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፣ እርጥበቱ ሲወጣ ምድጃውን አውጥተን ከዚያ ቲነሩ ይከፈታል። ሥርዓቱ ይሄ ነው። አንድ ቀን ግን እናቴ ጃንጥላዋን ረስታ ስትመለስ፣ እኔ ምድጃውን ሳላወጣ አባባ ጣሳውን ሊከፍቱ ሲታገሉ ደረሰች።

«አፈር በበላሁ! ልታነዱኝ ነው? እኔን ከነቤቴ ልታነዱኝ!»

«ልናወጣው ነበር እኮ» አሉ አባባ።

«ሊያወጡት! ሳይወጣ ቢነድስ? እኔ እናንተን ብዬ ዝናብ ይደበድበኛል፣ እናንተ እዚህ እሳትና ቲነር ታጋባላችሁ!» ምድጃውን ራሷ አንጠልጥላ አወጣች። ተመልሳ ገባችና ዱካው ላይ ዘጭ አለች። ከዚያ ሚኒባሷን አየቻት። ማታ የነፋነው ሰማያዊ በእርጥበቱ ገና አልደረቀም፤ አምፖሉ ስር ያብረቀርቃል። «ይሄን ነው እንዴ የምትሠሩት?» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። አውራ ጣቷን ልካ ንክት አደረገቻት።

«ውይ! የደረቀ መስሎኝ እኮ ነው!»

በሯ ላይ የእናቴ ጣት ከነመስመሩ ቁጭ አለ። አባባ አላዩትም፤ ከጩኸቷ ግን ገባቸውና በሳቅ ፈነዱ። እሷም ሳቀች። ሰማያዊዋ ጣት በሳሙናም በምንም አልለቅ ብላ ገበያው አንድ ሳምንት ተሳለቀባት። እኛ ሁለት ቀን ተጨማሪ ፈገፈግን። ከዚያ ጀምሮ እናቴ ማታ ስትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው «እንዴት ዋለች?» ብላ ነበር፤ ሚኒባሷን ማለቷ ነው።

መብራት የሚሄድበት ቀን ብዙ ነው። ያኔ ኮምፕሬሰሩ ዝም ይላል፤ እኛም ደፍ ላይ ተቀምጠን ዝናብ እናያለን። አባባ የቀቧቸውን መኪናዎች ያወሩልኛል። የባለቤቶቹን ስም ረስተውታል፤ የሚያስታውሱት ቀለሙን ነው። «አንድ የጠርሙስ አረንጓዴ ነበረች፣ ጥላ ውስጥ ጥቁር የምትመስል። አንድ ደግሞ ቢጫ አለች፣ ባለቤቷ ሲወስዳት ልጄን የዳርኩ ያህል ሆዴን ባር ባር ያለኝ።» ድምፃቸውና ዝናቡ ይቀላቀሉብኛል። ክንዳቸው ላይ ደገፍ ስል እንቅልፍ ይወስደኛል። በሕልሜ ሚኒባሷ ግቢያችን ውስጥ ያለውን ጭቃ እንደ ባሕር እየቀዘፈች ትሄዳለች፤ አባባና እኔ ጋቢና ተቀምጠናል፣ ሁለታችንም የጣት ያህል ሆነናል፤ ፌርማታ ሁሉ ላይ ሰው የለም፣ የሚሳፈር የለም፣ የሚወርድ የለም። መንገዱ አያልቅም። ስነቃ ክንዳቸው ደንዝዞ እንኳ አላነሱትም ነበር።

ነሐሴ ሲያልቅ ሚኒባሷ አማረች። እውነቴን ነው፣ አማረች። የቀረው የመጨረሻው ማበሪያ ብቻ ነው፤ ሁሉንም የሚዘጋ፣ እንደ መስታወት የሚያደርግ። በዚያው ማታ ተኝታለች ተብዬ እናቴና አባባ ሲያወሩ ሰማሁ።

«እውነት ይመለሳሉ ማለት ነው?»

«ካማረች፣ ከመስቀል ማግስት።»

«እንግዲህ ይመለሱ» አለች እናቴ። «እኔም ደክሞኛል መጨቃጨቅ። እንደ ዘንድሮ ደስ ብሎዎት አይቼዎት አላውቅም።»

ብርድ ልብሴ ውስጥ ልቤ ስንጥቅ አለ። ለካ ሚኒባሷን ያን ያህል የምናሳምራት አባባን ለመመለስ ነው! ዓይኔ እያየ፣ በገዛ እጄ እየፈገፈግኩ፣ አያቴን ወደ ጋራዡ እየሸኘኋቸው ኖሯል። መስከረም ይጠባል፣ ጉሙ ከዓይናቸው ይገፈፋል፣ እኔን ዓይን አያደርጉኝም፤ ሳይነጋ ይወጣሉ፣ ሲመሽ ጠረናቸው ይመጣል። እንደ ድሮው። ያን ሌሊት ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም፤ እንዳለቀስኩ ብቻ አስታውሳለሁ።

ጳጉሜ ገባ። የሰፈር ልጆች በዝናቡ ለመታጠብ ራቁታቸውን ግቢ ለግቢ ይሯሯጣሉ፤ እኔን ሲጠሩኝ አልወጣሁም። ዝናቡ አልፎ ፀሐይ ብልጭ አለች፤ ከሰሉ ወጥቷል፣ ወለሉ ተረጭቷል። አባባ ፌስታላቸውን አጥልቀው ጣራዋን ዳሰሱ። አንድ ቦታ ላይ እጃቸው ቆም አለ። አለፈ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ቆም አለ።

«ሚሚዬ፣ እስቲ እዪልኝ። ምን አለ?»

አምፖሉ ስር ዘንበል አድርጌ አየሁ። ማታ ንፋስ የክፍሏን በር ከፍቶት ነበር፤ ሰማያዊው ላይም ነጩ ላይም ጥቃቅን ፍሬ ፍሬ ተቀምጧል። ጣራዋ ላይ አንዷ በደንብ ጎልታ ትታያለች። አንድ ቀን ብንፈገፍጋት የምትለቅ ነች።

«ምንም የለም» አልኩ።

«ምንም?»

«ምንም።»

ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። ከዚያ ፌስታሉን ከእጃቸው አውልቀው፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። መርጫውን አነሱ። ትንፋሻቸውን ያዙ። እኔ ያን ቀን አልያዝኩም።

ስለ ሳንባቸው ፈርቼ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ቲነሩ እንዳይበላቸው፣ የሰማሁትን አምኜ፣ ልጅ ስለነበርኩ። ዞር ዞር ብዬ እንዲህ ለማለት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ግን አይደለም። ለራሴ ፈልጌያቸው ነው። እውነቱ ይሄ ነው።

ልጁ የመጣው እንቁጣጣሽ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው፤ አንድ ኪሎ ሙዝ ይዞ። ራሰ በራና ቦርጫም ሆኖ ሳየው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እናቴ ሚኒባሷን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣታለች። አባባ ኮታቸውን ለብሰዋል። ልጁ ጨርቁን ገለጥ ሲያደርግ «እሰይ!» አለ። ከሩቅ ታበራለች። አነሳትና ወደ መስኮቱ ወሰዳት። አዘነበላት። አውራ ጣቱን ጣራዋ ላይ አሳለፈ።

«ፊትህን አየህባት?» አሉ አባባ።

«አየሁ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ዝም አሰኘህ?»

ልጁ ጨነቀው። «ጋሼ… እነዚህን ፍሬዎች እርስዎ ነዎት የተዉአቸው? በነዚህ እኮ ነው እኔን በጥፊ ያጮሉኝ የነበረው።»

አሁን ይጠሩኛል ብዬ በሩን አየሁ፤ ልሮጥ። አባባ ወደኔ እንኳ አልዞሩም። «ዓይኔ ነው» አሉ። «ካጣሁት ቆየሁ። አላየኋቸውም።»

እናቴ አፏን ያዘች።

«ዓይንዎ ቢደክም እጅዎ አለ አይደል?» አለ ልጁ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «መቀባቱ ይቅር። ይምጡና ልጆቹን ያስተምሩልኝ፤ እነሱ የፈገፈጉትን እየዳሰሱ ይንገሯቸው። እንደርስዎ ያለ እጅ የት አገኛለሁ?»

አባባ እጃቸውን አገላብጠው አዩት፤ የሚታያቸው ይመስል። «እጄም ሄዷል» አሉ። «አመሰግናለሁ፣ ልጄ። እጄም ሄዷል።»

ለመስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው ሁለት ጎረምሶች መጥተው ኮምፕሬሰሩን በጋሪ ወሰዱት። እናቴ ራሷ «ይቆይ፣ ምን አስቸኮለን» ብላ ነበር። «ለማን ይቆያል?» አሏት አባባ።

የፈለግኩት ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ ደፉ ላይ አሉ። ጠዋት አሉ፣ ማታ አሉ። ግን አያወሩም። ስለ ጠርሙስ አረንጓዴዋም ስለ ቢጫዋም ስጠይቃቸው «ረሳሁት» ይሉኛል። ምግብ ሲቀርብላቸው እጃቸው ሳህኑ ዳር ላይ ይቀራል፣ የገዛ ጣታቸውን የማያምኑት ይመስል። ቲነር ቲነር አይሉም፤ ሳሙና ሳሙና ነው የሚሉት፣ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ። ጉሙ ከእንጦጦ ተገፈፈ፣ ሰማዩ ጠራ። በየቀኑ ጣቴን ፊታቸው ላይ አንስቼ «ስንት ነው?» እላቸዋለሁ፤ አያውቁትም። አንድ ቀን እናቴ አየችኝና ጎትታ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ዓይናቸውን የወሰደው የስኳር በሽታ እንደሆነ፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ ሐኪም ቤት እንዲህ እንዳሏት ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ «ስንት ነው?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

ጥቅምት ውስጥ ነው፣ እሑድ ከሰዓት። አባባ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሚኒባሷ ቡፌው ላይ ነች፤ እናቴ በጨርቅ ሸፍናታለች። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የምናገር አልመሰለኝም ነበር፤ አፌ ራሱ ነው የተናገረው።

«አባባ፣ ያን ቀን አይቼው ነበር።»

«ምኑን?»

«አቧራውን። ጣራዋ ላይ ያለውን። በሩም ላይ ነበረ። ምንም የለም ያልኩዎት ዋሽቼ ነው። እንዳይሄዱብኝ ብዬ።»

እመታለሁ ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። የሚመታኝ እጅ አልመጣም።

«ጣራዋ ላይ አልሽ?»

«አዎ።»

«ከፊት በኩል?»

«ከፊት፣ ወደ ግራ።»

«እኔም ተሰምቶኝ ነበር» አሉ። «እጄ አለ አለኝ፣ አንቺ የለም አልሽኝ። ዓይኔ ሄዷል፣ እጄም ተከትሎት ሄደ ብዬ ነው እኮ። እጄም መዋሸት ጀመረ ብዬ ነው።»

ያኔ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ። ሥራቸውን ያስቀረሁ ነበር የመሰለኝ። እጃቸውን ነው የነጠቅኳቸው። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። «ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» ስል ራሴን ደረታቸው ላይ አድርገው ያዙኝ። ሲንቀጠቀጡ የሚያለቅሱ መስሎኝ ቀና ብል፣ ከማልቀስም ከመሳቅም የተቀላቀለ ነገር ፊታቸው ላይ ነበር።

«በይ ተነሺ። ሚኒባሷን አምጪያት።»

አመጣኋት። ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ጣራዋ ላይ አስቀመጡና ቀስ ብለው ወሰዱት። ቆም አለ።

«እዚህ?»

«አዎ።»

ወደ ጎን ወረዱ። «እዚህም አንድ፣ ከበሩ በላይ።»

«አዎ፣ አባባ።»

«እዚህ?»

አየሁ። ዓይኔን አጥብቤ፣ ፀሐዩ ላይ አዘንብዬ፣ እንደገና አየሁ። «እዚያ የለም።»

«እኔም የለም ነው ያልኩት፤ ልፈትንሽ ብዬ ነው» አሉ።

ዙሪያዋን ጨረሱ። ከነጩ አራት፣ ከሰማያዊው ሰባት። አንድም አልሳቱም። ሲጨርሱ ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ኮታቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ።

«ሚሚዬ፣ እናትሽን ጥሪልኝ። ለልጁ ትደውልልኝ።»

ምን ማለት እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ልጆቹን ሊያስተምሩ እንደገና ሳይነጋ ሊወጡ ነው። ነገ ይሁን ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተነስቼ ወደ ቤት ገባሁና ጠራኋት።